ለልጆቻችን ምን እናስነብብ? ከ9 እስከ 13 ዓመት ላሉ ልጆች ስለሚሆኑ የታሪክ መጻሕፍት

ይህ ጽሑፍ በሬዲዮ ያቀረብነው ንግግር ነው። ብዙ አድማጮች የመጻሕፍቱን ስም በሩጫ ስለተናገርን መጻፍ እንዳልቻሉ ስለገለጹልን፣ አንዳንድ ነገር ጨምረንበት እነሆ በጽሑፍ አቅርበነዋል።

መነሻችን ከነገሌ ቦረና የደረሰን አንድ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊዋ የአራት ልጆች እናት ናቸው። «ትልቁ ልጄ 11 ዓመቱ ነው፤ አምስተኛ ክፍል ደርሷል፤ ጁዝ ዐማን ሐፍዟል። ከመድረሳ መልስ ግን የሚያነበው ነገር ስለሌለው ስልክ ላይ ነው የሚውለው። አጎቱ ከናይሮቢ ሲመጣ አንድ ወፍራም ባለ ስዕል መጽሐፍ አመጣለት። ልጁ ሦስት ቀን ሙሉ ተደፍቶበት ዋለ፤ ስልኩንም ረሳው። በአራተኛው ቀን የባለቤቴ አባት አዩትና ‹ይህ ሥዕልና ውሸት ነው› ብለው ወስደው ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። እኔ ደግሞ በአባታችን ፊት አፌን ሞልቼ ልናገር አልችልም። ለመሆኑ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ማንበብ ይፈቀዳል? ከተፈቀደስ የትኛውን ልስጠው?» ይላሉ።

በደብዳቤው ውስጥ ያሉት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው የሃይማኖት ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው የምርጫ ጥያቄ ነው። ወደ ሁለቱም ከመግባታችን በፊት ግን ከዚያችው ከነገሌ ከተማ ስለተገኙ አንድ ሰው እንንገራችሁ።

አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የተወለዱት በነገሌ ቦረና ነው። አባታቸው ፊደል ያልቆጠሩ የከብት ነጋዴ ነበሩ፤ ልጃቸው እንዲማር ግን አጥብቀው ይፈልጉ ነበር። ልጁም ተማረ። ይሁን እንጂ ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ የሆነ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸው ገብቶ ያነበቡት በ19 ዓመታቸው ነበር። እርሱም አንድ የእንግሊዝኛ የፍቅር ልብወለድ ነው። (እኛ ለልጆቻችን የምንመርጠው ዓይነት መጽሐፍ አይደለም፤ ግን ለተጠማ ሰው የተገኘው ውኃ ነው።) በኋላ በደርግ ዘመን ተሰደው አሜሪካ ገቡ፤ የቤተ መጻሕፍት ሙያ ተማሩ፤ በሳንፍራንሲስኮ ከተማ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆኑ። በዚያ ቤተ መጻሕፍት ለየአገሩ ልጆች በየቋንቋቸው መጻሕፍት ሲፈለግ፣ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ሊገኝ አልቻለም። ስለዚህ ራሳቸው ስለ ቂሉ ማሞ የሚነገረውን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን አድርገው እ.ኤ.አ. በ2002 አሳተሙ። በዚያው ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። በሐዋሳ ደግሞ አህያ የሚጎትተው ጋሪ ላይ መጻሕፍት ጭነው ወደ ልጆች አደረሱ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲኤንኤን የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ በዓለም ዙሪያ ከመረጣቸው አሥር የዓመቱ ጀግኖች አንዱ ሆነዋል።

ይህን ሰው ያነሳነው ለውዳሴ አይደለም። እርሳቸው የሃይማኖት ወንድማችን ባይሆኑም የአንድ ከተማ ልጆች ናችሁ፤ የገጠማቸውም ችግር ዛሬ ከቤታችሁ አልወጣም። ከነገሌ የወጣ ብሩህ ልጅ የመጀመሪያውን የታሪክ መጽሐፍ ለማግኘት 19 ዓመት ጠብቋል። የእኛ 11 ዓመት ልጅ ግን መጽሐፉን አግኝቶ ነበር፤ ሳጥን ተቆለፈበት እንጂ።

የቆላው ልጅ ችግር ማንበብ አለመማሩ ብቻ አይደለም። እስቲ ቁጠሩለት። በመድረሳ የዐረብኛ ፊደል ይቀራል። ትምህርት ቤት በቁቤ አፋን ኦሮሞ ይማራል። አማርኛን በግዕዝ ፊደል ይማራል። እንግሊዝኛም አለበት። ሦስት ዓይነት ፊደል፣ አራት ቋንቋ! ከነገሌ ወደ ፊልቱ ወይም ወደ ዶሎ አዶ የሄደ ልጅ ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥመዋል፤ በቁቤ ‹ጠ› ብሎ ያነባት የነበረችው ኤክስ የምትባል የላቲን ፊደል በሶማሊኛ ‹ሐ› ሆና ትጠብቀዋለች፤ ‹ጨ› ያላት ሲ ደግሞ ‹ዐ› ትሆንበታለች። ይህን ሁሉ የሚችል ልጅ ሰነፍ አይባልም። ነገር ግን በአራቱም ቋንቋ የሚሰጠው ጽሑፍ አጭር፣ ለፈተና የተዘጋጀና ከሁለት ገጽ የማይበልጥ ከሆነ ፊደሉን ያውቃል እንጂ ንባብን አያውቅም። ንባብ ማለት ትናንት ማታ ያቆሙበትን ገጽ ነገ ለመክፈት መጓጓት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በርካታ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻለ ታይቷል። ያን ጊዜ ሁለተኛ ክፍል የነበሩት ዛሬ ወጣቶች ሆነዋል፤ አንዳንዶቹም ወላጆች ናቸው።

አሁን ወደ አያትየው እንመለስ። «ሥዕልና ውሸት ነው» ማለታቸውን እኛ በንቀት አንመለከተውም። የልጁን ዲን በመጠበቅ የተናገሩት ነው፤ ዛሬ በልጆች ስልክ ውስጥ የሚገባውን ያየ ሰውም ስጋታቸውን ይረዳል። ሁለቱን ነጥቦች ግን ለየብቻ ማየት ያስፈልጋል።

«ውሸት» የሚለውን እንውሰድ። ውሸት ማለት ሰሚውን ለማሳሳት ያልሆነውን ሆነ ማለት ነው። ተረት ነጋሪና ተረት ሰሚ ግን ተስማምተው ነው የሚቀመጡት፤ «ጅብ እንዲህ አለ» ሲባል ጅብ እንደማይናገር የማያውቅ የቦረና ልጅ የለም። የሙስሊሞች ታሪክም በእንዲህ ያለ መጽሐፍ የተሞላ ነው። ከሊላ ወዲምና የተባለውን የእንስሳት ተረት ኢብኑል ሙቀፈዕ በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከፋርስ ቋንቋ ወደ ዐረብኛ መልሶታል፤ ምንጩ ከህንድ ነው። ከሊላና ዲምና የሁለት ቀበሮዎች ስም ሲሆን፣ በእነርሱ አማካይነት ስለ ምቀኝነት፣ ስለ መልካም አማካሪና ስለ ክፉ አማካሪ ይነገራል። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው የአንደሉሱ ሐኪም ኢብኑ ጡፈይል ደግሞ ሐይ ኢብኑ የቅዟን የተባለ ታሪክ ጽፏል። ሰው በሌለበት ደሴት ላይ ሚዳቋ አጥብታ ያሳደገችው ልጅ እናቱ ሚዳቋ ስትሞትበት «ከእርሷ ምን ተለይቶ ሄደ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከዚያም ሰማይንና ምድርን እያስተዋለ ፈጣሪ እንዳለ ይደርስበታል። ሁለቱም ለልጆች ተቀንሰውና ቀለው በዐረብኛም በእንግሊዝኛም ይገኛሉ። ከሁሉም በላይ ግን ቁርኣን ራሱ የሚያስተምረን በታሪክ ጭምር ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ዩሱፍ መግቢያ የሚተርከው ከትረካዎች ሁሉ ያማረ መሆኑን ገልጾልናል። በየጁምዓው የምንቀራው ሱረቱል ከህፍም የዋሻው ወጣቶች፣ የሙሳና የኸዲር፣ የዙልቀርነይን ታሪክ ነው። በእርግጥ የቁርኣን ታሪክ እውነት ነው፤ የሰው ልብወለድ ደግሞ ምሳሌ ነው። ይህን ልዩነት ለልጁ በግልጽ መንገር የወላጅ ግዴታ ነው እንላለን።

የሥዕሉ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። ሕይወት ያለውን ነገር መሣል በተመለከተ በዑለማኦች መካከል ልዩነት እንዳለ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ አጥብቀው የሚከለክሉ አሉ፤ ለማስተማሪያና ለሕፃናት የሚፈቅዱም አሉ። እኛ ፈትዋ ሰጪዎች አይደለንም፤ በአካባቢያችሁ ያሉትን ዐሊሞች ጠይቁ። ሁለት ነገር ብቻ እናስታውስ። በቡኻሪ እንደተዘገበው ዐኢሻ (ረ.ዐ) በልጅነቷ በአሻንጉሊት ትጫወት ነበር፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) አልከለከሏትም። በአቡ ዳውድ ዘገባ ደግሞ ከአሻንጉሊቶቿ መካከል የጨርቅ ክንፍ ያለው ፈረስ አይተው ጠየቋት፤ እርሷም የሱለይማን (ዐ.ሰ) ፈረሶች ክንፍ እንደነበራቸው አልሰሙምን ብላ ስትመልስ፣ መንጋጋ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። ልጅ በሐሳቡ ለፈረስ ክንፍ ሲያወጣለት ይህን ሳቅ ማስታወስ ይገባናል። ሁለተኛው፣ ቀደም ሲል የጠቀስነው ከሊላ ወዲምና በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሙስሊሞች እጅ በሥዕል ተውቦ ይጻፍ ነበር። የሐሪሪን መቃማት እ.ኤ.አ. በ1237 አልዋሲጢ የተባለው ሰው በእጁ ጽፎ በሥዕል አስጊጦታል። ሥዕልና ጽሑፍን አጣምሮ መተረክ የምዕራባውያን ፈጠራ ብቻ ነው ማለት ስህተት ነው።

ይህን ካልን ዘንድ ወደ ምርጫው እንለፍ።

በመጀመሪያ ደረጃ ያንን የተቆለፈበትን መጽሐፍ እናንሳ፤ እናትየው የጻፉልን ስሙን ነውና አውቀነዋል። በእንግሊዝኛ «ዌን ስታርስ አር ስካተርድ» ይባላል፤ «ከዋክብት ሲበተኑ» እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ሲሆን የጻፉት ኦማር ሙሐመድ የተባለ ሶማሊያዊና ቪክቶሪያ ጄሚሰን የተባለች አሜሪካዊት ደራሲና ሠዓሊ ናቸው። ግራፊክ ኖቭል ከሚባሉት ወገን ነው፤ ማለትም ታሪኩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተከታታይ ሥዕልና በአጭር ንግግር ይተረካል። «ውሸት ነው» ለተባለው መልሱ እዚሁ ላይ ነው፤ መጽሐፉ የኦማር የራሱ የሕይወት ታሪክ ነው። አባቱ በሶማሊያ ጦርነት ተገደለ፤ ከእናቱ ተለያየ፤ ታናሽ ወንድሙን ሐሰንን ይዞ በኬንያ ዳዳብ መጠለያ ካምፕ አደገ። ሐሰን አይናገርም፤ አንዳንዴም የሚጥል በሽታ ይነሳበታል። ሁለቱን ልጆች ያሳደጓቸው ፋጡማ የተባሉ ባልቴት ናቸው። ኦማር ትምህርት ቤት ልሂድ ወይስ ወንድሜን ልጠብቅ ብሎ ይጨነቃል። ውኃ ይቀዳል፤ ራሽን ለመቀበል ይሰለፋል፤ ይጾማል፤ በዒድ ይደሰታል፤ እናቱን ይጠብቃል። ከሴት ጓደኞቹ አንዷ ከትምህርት ገበታ ተነስታ ስትዳር ያዝናል።

ይህን መጽሐፍ ከሌሎቹ አስቀድመን የምንመክረው ለምን እንደሆነ ከነገሌ እስከ ዶሎ አዶ ባለው መንገድ የሚኖር ሰው ይገባዋል። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2011 ባሉት ዓመታት ቦቆልማዮ፣ መልካዲዳ፣ ቆቤ፣ ሒላዌንና ቡራሚኖ የተባሉት መጠለያዎች በዚያው መንገድ ላይ የተከፈቱት ለእንደነ ኦማር ያሉ ሰዎች ነው። ልጆቻችን ስደተኛ የሚባለውን ቃል በመኪና ላይ ከተጻፈ የድርጅት ምልክት ጋር ነው የሚያውቁት። ይህ መጽሐፍ ስደተኛው የራሱ ስም፣ ታናሽ ወንድምና የቤት ሥራ ያለው ልጅ መሆኑን ያሳያል። በምዕራባውያን የልጆች መጻሕፍት ውስጥ የሚጾምና የሚሰግድ ጥቁር ልጅ ዋና ባለታሪክ ሆኖ ማግኘት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም። እንግሊዝኛው ለአምስተኛ ክፍል ልጅ ሊከብድ ይችላል፤ ሥዕሉ ግን ስለሚያግዘው ታላቅ እህቱ ወይም አጎቱ አጠገቡ ቢቀመጥ ይወጣዋል። ወላጆች ልታውቁት የሚገባው፣ የአባት ሞትና ረሃብ በውስጡ መኖሩን ነው። ልጁ ካለቀሰ አትደንግጡ።

ከዚህ ጋር የሚሄደው የሊንዳ ሱ ፓርክ «ኤ ሎንግ ዎክ ቱ ዎተር» ነው፤ «ወደ ውኃ የሚያደርስ ረጅም ጉዞ» ብንለው ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አጭር ልብወለድ ነው። ሁለት የደቡብ ሱዳን ልጆችን ታሪክ ያፈራርቃል፤ አንዷ ንያ በየቀኑ ውኃ ለመቅዳት የምትመላለስ ልጅ ናት፤ ሌላው በእውነት ያለ ሰው ነው፤ ሳልቫ ዱት ይባላል። ከጦርነት ሸሽቶ በእግሩ አገራችን ጋምቤላ ኢታንግ ገብቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ የጊሎን ወንዝ ተሻግሮ እንደገና ተሰዷል። ካደገ በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ የውኃ ጉድጓድ ያስቆፍራል። ጀሪካን የተሸከመች የቆላ ልጅ ይህን ስታነብ ማንም ሊያስረዳት አያስፈልግም። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ስለሆኑ እንግሊዝኛ ለሚማሩም ይመቻል። የአውሬና የግድያ ነገር ስላለበት ከ11 ዓመት በታች ላለ ልጅ ባይሰጥ እንመርጣለን።

ኤሊዛቤት ሌርድ የምትባለውን እንግሊዛዊት ደራሲ አገራችን በደንብ ታውቃታለች። በወጣትነቷ አዲስ አበባ አስተምራለች፤ በኋላም ከየክልሉ ተረት ሰብስባለች። «ዘ ጋርቤጅ ኪንግ» የተባለው ልብወለዷ (እ.ኤ.አ. 2003) ስለ አዲስ አበባ የጎዳና ልጆች ነው፤ ለጉልበት ሥራ ስለተሸጠ ድሃ ልጅና አባቱን ፈርቶ ከቤት ስለጠፋ የሀብታም ልጅ ይተርካል። ስርቆትና ልመና ስላለበት ለ12 እና ለ13 ዓመት ልጆች፣ ወላጅ ቀድሞ አንብቦት ቢሆን ይሻላል። ከሶንያ ኒምር ጋር የጻፈችው «ኤ ሊትል ፒስ ኦቭ ግራውንድ» ደግሞ ካሪም ስለተባለ የራመላህ ልጅ ነው። ኳስ የሚጫወትበት ቁራጭ መሬት ነው የሚፈልገው። በፍልስጤም ስላለው ነገር ልጆቻችን ከዜና የሚሰሙት የሙታን ቁጥር ብቻ ነው፤ በዚህ መጽሐፍ ግን በከርፊው ምክንያት ቤት ተዘግቶበት ከወንድሙ ጋር የሚጣላ ልጅ ያገኛሉ።

ሴቶች ልጆች ያሏችሁ፣ የዓኢሻ ሰዒድን «አማል አንባውንድ» (እ.ኤ.አ. 2018) እና የሔና ኻንን «አሚናስ ቮይስ» (እ.ኤ.አ. 2017) ፈልጉ። የመጀመሪያው መምህር ለመሆን ስለምትመኝ የፓኪስታን ገጠር ልጅ ነው፤ በባለ ርስቱ ቤት በዕዳ ታስራ ታገለግላለች። ሁለተኛው በአሜሪካ ስለምትኖር፣ በሰው ፊት ድምፅዋን ማሰማት ስለምትፈራ ልጅ ነው፤ መስጂዳቸው ላይ ጉዳት ይደርሳል። «ዋንስ አፖን አን ዒድ» (እ.ኤ.አ. 2020) የተባለው ስብስብ ደግሞ በሙስሊም ጸሐፍት የተጻፉ የዒድ ታሪኮችን ይዟል፤ አንዱ በሥዕል የተተረከ ነው። አጫጭር ስለሆኑ ረጅም መጽሐፍ ለሚሰለች ልጅ ጥሩ መግቢያ ነው።

«ይህ ሁሉ እንግሊዝኛ ነው፤ በአገራችን ቋንቋስ?» እንደምትሉን እናውቃለን። እውነቱን ለመናገር በዚህ በኩል መደርደሪያችን የሳሳ ነው። በአማርኛ ለትንንሾች ተረት አለ፤ ለአዋቂ ልብወለድ አለ፤ በመካከል ላለው የአሥርና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። ያለውን እንጠቀም። የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» በግጥም ስለተጻፈ ድምፅን ከፍ አድርጎ ለማንበብ የሚወዳደረው የለም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ተረት ተረት የመሠረት» አለ። ባሌ የተወለዱት አባባ ተስፋዬ ሣህሉ በቴሌቪዥን ከአርባ ዓመት በላይ ለልጆች የተረኩትን ዓይነት ተረት በመጻሕፍትም አሳትመዋል፤ የደቡቡ ቆላ ጎረቤት መሆናቸውን ብዙ ልጆች አያውቁም። በኮሚክ በኩል ደግሞ ኢታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር» የተባለውን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አውጥቷል። ሥራ ፈላጊ የአዲስ አበባ ወጣት ልዩ ኃይል ያገኛል። የአገራችን ታክሲና ሰፈር በኮሚክ መሣሉ ያስደስታል። ድብድብ ስላለበትና ከሰው በላይ ስለሆነ ኃይል ስለሚተርክ ግን ለትልልቆቹ ይሁን፤ ኃይል ሁሉ የአላህ መሆኑንም አብራችሁ ተነጋገሩበት።

የሶማሊኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች የተሻለ ዕድል አላቸው። በአሜሪካ ሚኒሶታ የሚኖሩ ሶማሊዎች አራት ጥንታዊ ተረቶች በሶማሊኛና በእንግሊዝኛ በአንድ ገጽ እንዲታተሙ አድርገዋል። ከእነርሱ «ዊል ዋል» የተባለው ስለ ጅግጅጋው ገራድ ነው። ገራዱ «ሰዎችን የሚያጣላውን ወይም የሚያስማማውን የበግ ሥጋ ክፍል አምጡልኝ» ብሎ ሕዝቡን ይጠይቃል። ሌላው ሁሉ ምርጥ ምርጡን ሥጋ ሲያመጣ፣ የአንድ ድሃ ልጅ አባቷን ጉሮሮውን ይዘህ ሂድ ትለዋለች። ለምን እንደሆነ ልጆቻችሁ ራሳቸው እንዲያስቡት መጽሐፉን ሳትከፍቱ ጠይቋቸው። ለታናናሾቹ ደግሞ ሬዲ ሴት ጎ የተባሉት ቀጫጭን መጻሕፍት በእንግሊዝኛና በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛም ተዘጋጅተዋል።

ዐረብኛ ለሚቀሩት የአቡል ሐሰን ዐሊ ነድዊ «ቀሰሱን ነቢዪን» ሳይጠቀስ አይታለፍም። የነቢያትን ታሪክ ለልጆች በቀላል ዐረብኛ ሲጽፍ ቃላቱን ሆን ብሎ እየደጋገመ ስለሆነ፣ ልጁ ታሪኩን ሲከታተል ቋንቋውንም ይለምዳል። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመጡ ዘመዶች ሻንጣቸው ውስጥ ጨርቅ ብቻ ከሚሞሉ «ማጂድ» የተባለውን የልጆች መጽሔት ቢያስገቡ ደስ ይለናል። አቡዳቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1979 የጀመረ ነው፤ ፉዱሊ የተባለውን ገጸ ባሕርይ በገጹ ውስጥ የት እንደተደበቀ መፈለግ የዐረብ ልጆች ሁሉ ጨዋታ ነበር። አንድ ነገር ግን አስተውሉ፤ የዐረብኛ ኮሚክ ሥዕሉም ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው፤ የእንግሊዝኛውና የአማርኛው ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ይህን ያልተነገረው ልጅ መልሱን ከጥያቄው በፊት እያነበበ «አይገባኝም» ይላል።

ያልተቀበልነውም አለ። ከኩዌት «ዘጠና ዘጠኙ» በሚል የወጣው ኮሚክ ጀግኖቹን ከአላህ ስሞች ጋር ያያዘ በመሆኑ የሳዑዲ ዑለማኦች ተቃውመውታል። እኛም ሌላ ብዙ እያለ በዚህ ውስጥ መግባት አያስፈልግም ብለን ትተነዋል። በመንገድ ዳር ተራ የሚሸጡትን ኮሚኮች ደግሞ ሽፋኑን ብቻ አይታችሁ አትግዙ፤ መካከሉን ግለጡ። ለልጅ የተሠራና ለአዋቂ የተሠራ ኮሚክ በሽፋን ይመሳሰላል።

መጽሐፉ ለልጁ ይከብደው እንደሆነ ለማወቅ የቤተ መጻሕፍት ሰዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ዘዴ አለ። ከመካከል አንድ ገጽ ያንብብ፤ ለማያውቀው ቃል ሁሉ አንድ ጣት ያጥፍ። አምስቱም ጣቶች ከታጠፉ መጽሐፉ ለጊዜው ይቆየው። ያልጣመውን መጽሐፍ «ጨርስ» ብላችሁ አታስገድዱት፤ ሌላ ስጡት። ከዒሻ በኋላ ሃያ ደቂቃ ቤተሰቡ አንድ ላይ ቢያነብ ለልጁም ለወላጁም ይበቃል፤ አባት ማንበብ የማይችል ከሆነ ልጁ ያንብብለት። ይህ አባትን አያሳንስም።

መጽሐፍ ውድ ነው፤ ቆላ እስኪደርስ ደግሞ ይብሳል። ነገሌ ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ በአንዋር መስጂድ ዙሪያ ባሉ መደብሮች የሚገኘው መጽሐፍ ሁሉ እዚያ የለም። ስለዚህ ለአንድ ቤት አሥር መጽሐፍ ከመግዛት አሥር ቤቶች አንድ አንድ ገዝተው ቢለዋወጡ ይሻላል። በመድረሳው አንድ ሳጥንና አንድ የመዋሻ ደብተር ይበቃል፤ ሳጥኑ ግን ከመሬት ከፍ ብሎ በድንጋይ ላይ ይቀመጥ፤ የቆላ ምስጥ መጽሐፍ አይመርጥም። ከዚህ በላይ ርቀው የሄዱም አሉ። በኬንያ ጋሪሳ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ መጻሕፍት በግመል ተጭነው ወደ አርብቶ አደሩ ልጆች ሲዞሩ ኖረዋል። በእኛ ሶማሌ ክልልም እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሴቭ ዘ ችልድረን የተባለው ድርጅት በግመል መጻሕፍት አድርሷል፤ አንድ ግመል ሁለት መቶ መጽሐፍ ድረስ ይሸከማል። ግመል ያለው አገር መጽሐፍ አይደርሰኝም ሊል አይገባም።

ለነገሌዋ እናት የመለስንላቸው በአጭሩ ይህንኑ ነበር፤ በተለይም መጽሐፉ እውነተኛ ታሪክ መሆኑን ለአባታቸው እንዲነግሩ፣ ከተፈቀደም ልጁ ፊታቸው ተቀምጦ እየተረጎመ እንዲያነብላቸው ጠይቀናል። ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ከመሄዱ በፊት ሁለተኛ ደብዳቤ ደረሰን። አያትየው ሳጥኑን ከፍተውታል። ሥዕሉን አሁንም አይመለከቱም፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነው የሚያዳምጡት። ትናንት ማታ ልጁ እንቅልፍ ወስዶት ሲያቆም ቀስቅሰውት «የልጁ እናት ተገኘች?» ብለው ጠየቁት ይላሉ። እርሱም ገና አልደረሰበትም።